ከቤት ኪራይ የተረፈው ለክራር

የዛሬው ዝግጅት ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ ነው። ጤፉ፣ ዘይቱና የቤት ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ለክራር ወይም ለኪቦርድ የሚሆን ነገር ስለ መትረፉና አለመትረፉም ነው።

ነገሩን ለመጀመር የሚመቸው ቦታ አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ነው። የባህል ዕቃ መደብሮቹ ደጃፍ ላይ በቀለምና በዛጎል ያጌጡ ክራሮች ተሰቅለው ይታያሉ። ዋጋቸው ስለማያስደነግጥ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። አንዱን ገዝቶ ቤቱ ይወስድና ይቃኛል። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ይረግባል። ያጠብቀዋል፤ መልሶ ይረግባል። ሳምንት ሳይሞላ ተማሪው "እኔ ጆሮ የለኝም" ብሎ ክራሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ጥፋቱ ግን የጆሮው አይደለም። ያ ክራር መጀመሪያውኑ ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ ነው። እንጨቱ በቅጡ ሳይደርቅ ስለተጠረበ ሲውል ሲያድር ይጣመማል። ቆዳው ላላ ብሎ ስለተለበጠ ድምፁ ይታፈናል። በድሮው አሠራር የክራር ክር ቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ወይም ከቆዳ ጥብጣብ ጋር ተጠምጥሞ በመጠምዘዝ ይቃኛል። ጥብጣቡ በደንብ ካልነከሰ ክሩ ባለበት አይቆይም። በዚህ ምክንያት ዛሬ ብዙ ሠሪዎች የእንጨት ወይም የጊታር መቃኛ ቁልፍ ይገጥሙለታል። ለገዢ የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው። ክራሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስቃኝቶ፣ አንድ ቡና ጠጥቶ ተመልሶ እንደገና መስማት ነው። ቅኝቱ ካልወረደ ክራሩ ክራር ነው። ከወረደ ገንዘቡ ከነጭራሹ ኪስ ባይወጣ ይሻላል፤ ርካሽ ተብሎ የተገዛ የማይቃኝ መሣሪያ ከሁሉም የበለጠ ውድ ነውና።

የአገር ቤት መሣሪያዎች ዋጋ የሚሰላው በዶላር ተመን አልነበረም። ዙሪያቸውን ከሞላው ነገር የተሠሩ ናቸው። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ያም ከፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑም ላይ የሚወጠረው ጭራ ነው፤ ድምፅ እንዲያወጣ ሙጫ ወይም እጣን ይታሻል። የሳጥኑ ፊት ቆዳ ነው። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፤ እረኛው ከብት እየጠበቀ በጋለ ብረት አራት ቀዳዳ ከበሳው ሌላ ወጪ የለበትም። የበገና አሥር ጅማቶች ከበግ አንጀት ታጥበው፣ ተገምደውና ደርቀው ይዘጋጃሉ። ያ ከሩቅ የሚታወቀው እዝ እዝ የሚል የበገና ድምፅ የሚገኘውም በየጅማቱ ሥር ከምትገባው እንዚራ ከምትባል ቁራጭ ቆዳ ነው።

እንግዲህ ቆዳው፣ ጭራውና አንጀቱ ዛሬም አገር ውስጥ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የበግና የፍየል ቆዳ ገዢ አጥቶ፣ ከበዓል ማግሥት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየት ተለምዷል። አያቶች ቆዳውን ሸጠው የበዓሉን ወጪ ይደጉሙ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ያንገበግባል። ለክራርና ለከበሮ ሠሪ ግን ቢያንስ በዚህ በኩል እፎይታ ነው። እንጨቱ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ለመሣሪያ የሚመረጠው ዋንዛ ቀላል ነው፤ ሲደርቅ አይሰነጠቅም፤ ለመጥረብም ይመቻል። ዋንዛን ግን አልጋና ቁምሳጥን ሠሪውም ይፈልገዋል። በዚያ ላይ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ በሕግ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ነው። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ዛፉ እየጠፋ ነበር። ውጤቱ ግን የመሣሪያ ሠሪው ጣውላ ከቤት ዕቃ ሠሪው ጣውላ ጋር በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዋጋ መሸመት መጀመሩ ነው። ክሩም ተለውጧል። አብዛኛው ክራር ዛሬ በናይለን ወይም በብረት ክር ነው የሚወጠረው፤ ሁለቱም ከውጭ ይመጣሉ። በዚህች ቀጭን ክር በኩል ዶላር ክራሩም ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ዶላር ከተነሣ አይቀር፣ ስሌቱን በእርጋታ መሥራት ይጠቅማል። አድማጮች ወረቀትና እርሳስ ቢያቀርቡ ይመረጣል።

ውጭ አገር 200 ዶላር የሚሸጥ አንድ መካከለኛ የጀማሪ ኪቦርድ ይታሰብ። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር፤ ኪቦርዱ 414 ብር ይሆናል ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. ምንዛሪው 5 ብር ሲደረግ ያው ዕቃ 1,000 ብር ገባ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ዋጋው 11,400 ብር ደረሰ። ያን ዕለት ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ለስሌት እንዲመች ዶላሩ 140 ብር ነው ቢባል፣ ኪቦርዱ 28,000 ብር ነው። ይህ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ከ414 ወደ 28,000 መዝለሉ ያስደነግጣል። ግን ብር ከብር ጋር ሳይሆን ከደመወዝ ጋር ሲመዘን ሌላ መልክ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድ በዓለም ዙሪያ የዘመኑን ዘፈን ድምፅ የለወጠ መሣሪያ ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ወደ 2,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 4,140 ብር ገደማ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የወጣ ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ 500 ብር ነበር። ስለዚህ ያ ኪቦርድ የስምንት ወር ደመወዝ ያህል ነበር። ዛሬስ? ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ባለ 200 ዶላሩ ኪቦርድ ሁለት ወር ተኩል የማይሞላ ደመወዝ ነው፤ በውስጡ የያዘው የድምፅ ብዛትም ያን የድሮውን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። በሚሰጠው ድምፅ ልክ፣ በደመወዝ ወር ሲለካ መሣሪያው ረከሰ እንጂ አልተወደደም!

ታዲያ ሰው ለምን መግዛት አቃተው? መልሱ ያለው ከደመወዙ በሚተርፈው ላይ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ በአነስተኛ ቤቶች ላይ የኪራይ ዋጋ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ከወር ደመወዝ ላይ ጥቂት ብር ብቻ ነበር የሚነካው። ያ ሥርዓት የራሱ ብዙ በደል ነበረው። የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶለት ኪቦርድ የሚያስመጣ ግለሰብም እንደ ልብ አልነበረም፤ ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ዕቃው አይገኝም። ቢሆንም ከኪራይ በኋላ ኪስ ውስጥ የሚቀር ነገር ነበር። ዛሬ ዕቃው መርካቶ ሞልቷል፤ ኪስ ውስጥ የሚቀር ግን የለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከምግብ ዋጋ እኩል የሮጠ ደመወዝም አልነበረም። የግል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጀማሪ መምህር ግብርና ጡረታ ከተቆረጠለት በኋላ ኪራዩን ከፍሎ፣ አስቤዛውን ሸምቶና ትራንስፖርቱን ችሎ በወር 1,000 ብር ቢያስቀምጥ ጎበዝ ነው። በዚያ ፍጥነት ኪቦርዱ ጋ የሚደርሰው በ28 ወር ነው፤ ያውም እስከዚያ ድረስ ዶላሩ ከቆመ፣ አከራዩም ካልጨመረ። አከራዮች በፈለጉት ጊዜና መጠን እንዳይጨምሩ የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መውጣቱ ለሙዚቃ ታስቦ አይደለም። በዚህ ስሌት ሲታይ ግን አዋጁ ለክራር ተማሪውም የሚበጅ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ የመሣሪያ ወጪ በመግዣው ቀን እንደማያበቃ ማንሣት ያስፈልጋል። የጊታር ክር ይበጠሳል። የሳክስፎን ሪድ ከሳምንታት በላይ አይቆይም። ኪቦርድ አዳፕተር ይፈልጋል፤ መብራት መጥቶ ሲሄድ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቤዝ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ሹክሹክታ ነው። ለዚህ ነው ዋጋ ሲጠየቅ "ስንት ነው?" ብቻ ሳይሆን "ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ክሩ የት ይገኛል?" ተብሎ መጠየቅ ያለበት። ማሲንቆ በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። አዝማሪው ክሩ ሲበጠስ ራሱ ይቀጥለዋል፤ ቆዳው ሲቀደድ ራሱ ይለብጠዋል፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አጨዋወቱና አሠራሩ አብረው ነው የሚተላለፉት።

ሌላው መንገድ ደግሞ ከግዢ ውጭ ያለው ነው። በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ መሣሪያዎች የተገኙት በግለሰብ ኪስ አይደለም። ከሁሉ የቆየው ምሳሌ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዝማሜና አቋቋም የሚማር የቆሎ ተማሪ ከበሮና ጸናጽል ግዛ አይባልም። መሣሪያው የደብሩ ነው፤ ተማሪው ጊዜውንና ጉልበቱን ይዞ ይቀርባል። ለምኖ የሚበላ ልጅ በዓለም ላይ ካሉት ረቂቅ የዜማ ትምህርቶች አንዱን እስከ መጨረሻው መማር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችም አመጣጥ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ቄሳር ከኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ በስጦታ የተላኩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ከእልቂት የተረፉ 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በአርመን ገዳም ውስጥ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ በኋላ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት። ከዚያ በኋላ መለከቱም፣ ትሮምቦኑም፣ ሳክስፎኑም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ንብረት ሆኖ ቆየ። ጌታቸው መኩሪያን የመሰለ ሰው በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ነበር የሚጫወተው። በ1940ዎቹ መባቻ የማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲገባ ነው በክላሪኔትና በሳክስፎን የሙያ ሕይወቱ የጀመረው። ከዚያም የሽለላንና የፉከራን ድምፅ በሳክስፎን አስገኘ። ተቋሙ ባይኖር ኖሮ ያ ድምፅ በየትኛው ደመወዝ ይገዛ ነበር?

ደርግም ለራሱ ቅስቀሳ ብሎ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድን አቋቋመ። የሚዘፈነው በአመዛኙ የመንግሥት መልእክት ነበር፤ ይህ አይካድም። ሆኖም የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከበሮ፣ ክራር፣ አንዳንዴም ጊታርና አኮርዲዮን ነበር፤ ቤቱ መሣሪያ የሌለው ልጅ ከትምህርት በኋላ ሄዶ ይነካካ ነበር። ከዚያ አዳራሽ ወጥተው በሙያው የገፉ ድምፃውያንና ተጫዋቾች ጥቂት አይደሉም። በዚያው ዘመን ለዓመታት የቆየው የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ጎዳ፤ ባለ ብዙ ሰው ባንድ ማስተዳደር ከበደ። ትልቁ ኦርኬስትራ ወደ ትንሽ ባንድ፣ ትንሹ ባንድም ውሎ አድሮ ወደ አንድ ኪቦርድ ጠበበ። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ካሴቶች ላይ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ መለከቱም ከአንድ ኪቦርድ ሲወጣ መሰማቱን ብዙ ሰው የፋሽን ጉዳይ ያደርገዋል። ፋሽን ብቻ አልነበረም። ስድስት ሰው ከመቅጠር አንድ ኪቦርድ መግዛት ስለሚቀል ነው። የኑሮ ውድነት የዘፈኑን ድምፅ እስከ መለወጥ ይደርሳል።

የጋራ መሣሪያ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ እ.ኤ.አ. በ1994 አርማንድ ዲያንጊየንዳ የተባሉ የቀድሞ አብራሪ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሠረቱ። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ ጥቂት ቫዮሊኖችን በየተራ እየተቀባበሉ ነበር የሚለማመዱት። ክር ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትተው ይወጥሩ ነበር። ጎደለን ያሉትን መሣሪያ እዚያው ከተማ ውስጥ ከእንጨት ጠርበው ሠሩ። ዛሬ ኦርኬስትራው ከአገሩ ውጭ ሳይቀር የታወቀ ነው።

ወደ ቤት ሲመለስ፣ ዛሬ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው በእጁ ያሉት መንገዶች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው። አንዱ እቁብ ነው። አሥር የሚሆኑ ወጣቶች በወር 1,000 ብር ቢጥሉ ለባለ ዕጣው 10,000 ብር ይደርሰዋል፤ ጥሩ ክራር ወይም ያገለገለ ጊታር ለሚፈልግ ሰው ይህ ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነው። የእቁብ ጥቅሙ ገንዘቡን ማብዛቱ አይደለም፤ ሳንቲም አይጨምርም። ጥቅሙ ገንዘቡ በየቀኑ ወጪ ውስጥ ሟሙቶ እንዳይጠፋ መያዙ ነው፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ደግሞ ዋጋ ሳይጨምር ይገዛል። ሌላው ያገለገለ ዕቃ ነው። ያገለገለ ጊታር ሲገዛ አንገቱ መጣመም አለመጣመሙን በዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት፣ ኪቦርድ ሲሆን እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ መንካት ያስፈልጋል። የሞተ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ መሃል ላይ ነው የሚደበቀው።

ሦስተኛው መንገድ ከሠሪው እጅ መግዛት ነው። ሠሪው ዘንድ የሄደ ገዢ ክራሩን ለድምፁ ልክ ያሠራል፤ ሲበላሽም የት እንደሚወስደው ያውቃል። ዋሽንት ተማሪ ደግሞ ከማንም በላይ ዕድለኛ ነው፤ ለተለያየ የድምፅ ከፍታ ርዝመታቸው የሚለያይ በርካታ ዋሽንቶች ያስፈልጉታል፣ ግን ሁሉም ተደምረው የአንድ ጊታር ዋጋ አይሞሉም። ክራር ላይ አምስት ወይም ስድስት ክር ብቻ ቢኖርም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በዚያችው ክር ይቃኛሉ። ቅኝት ለመለወጥ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ይህ ለድሃ ቤት የተሠራ ብልሃት ይመስላል፤ ግን ለቤተ መንግሥትም ያገለገለው ያው ነው።

የትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ድርሻ ግን በማንም ቁጠባ አይተካም። አንድ ወረዳ ውስጥ ሃያ ልጆች እያንዳንዳቸው ክራር እስኪገዙ ከተጠበቀ አብዛኞቹ ሳይነኩት ያድጋሉ። አምስት ክራር በአንድ ክፍል ውስጥ ካለ ሃያውም በየተራ ይማሩበታል። ደብሩ ከበሮውን ለተማሪው እንዳቀረበው ሁሉ፣ አምስት ክራር መግዛት ለአንድ ትምህርት ቤት በጀት የማይቻል ነገር አይደለም። ጎድሎ የሚታየው ብሩ ሳይሆን "የሙዚቃ መሣሪያ" የሚል መስመር በዕቅዱ ውስጥ መግባቱ ነው።

ውጭ አገር ያሉት ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ስሌት ነፃ አይደሉም፤ እዚያ መሣሪያው ይረክሳል፣ ጊዜው ግን ይወደዳል። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ ለዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከባንድ ይልቅ ብቻቸውን፣ አኮርዲዮንና ኪቦርዶችን ይዘው አንድ ካሴት ሠሩ፤ አኮርዲዮኑ የድሮውን የአዲስ አበባ ድምፅ ይዞ፣ ኪቦርዶቹ የጎደለውን ባንድ ይሸፍናሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት መተዳደሪያቸው ታክሲ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ መሰማት ሲጀምርና እሳቸውም ወደ መድረክ ሲመለሱ፣ ብዙ ሰው እነዚያን ሁሉ ዓመታት እጃቸው እንዴት እንዳልዛገ ጠየቀ። በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ታክሲዎች ሰልፍ ረጅም ነው። ኃይሉ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ከታክሲው ዕቃ መጫኛ ያወጡና፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱን መልሰው ተሳፋሪውን ይጭናሉ።